ዲኤክሴ ሜዳ ላይ ሲፈጥን ሚስ ያደርጋል (ይቆራረጣል)፣ ዳገት ላይ ግን ጤነኛ ነው። ምን ይሆን?

የማርቆስ ዲኤክስ
ሰላም ለሁላችሁ። መካኒክ የሆናችሁም ያልሆናችሁም እስኪ አንድ በሉኝ።

መኪናዬ የድሮዋ ኮሮላ ዲኤክስ ናት። 4ኬ ሞተር፣ ባለ ካርቡራቶር፣ ፑንቲናዋም (ለየብልጭታው የኮይሉን መብራት የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው) ያው የጥንቱ። ጠዋት በአንድ ቁልፍ ትነሳለች። ሚኒሞዋ (ቤንዚን ሳልሰጣት የምትዞረው ዙር) ቀጥ ያለ ነው። ደብረ ማርቆስ ከተማ ውስጥ ስነዳት ምንም የላትም። ችግሩ ከከተማ ወጥቼ ወደ ደምበጫ መስመር ስይዝ ነው። 80 ልትሞላ ስትል መቆራረጥ ትጀምራለች፣ ማርሚታው ቱፍ ቱፍ ይላል፣ እግሬን ሳነሳ ወዲያው ትስተካከላለች። ቆሜ ማርሽ ሳላስገባ ቤንዚን ስሰጣትም እንዲሁ ትቆራረጣለች።

ግራ ያጋባኝ ምን መሰላችሁ? በቀደም ከጎሐ ጽዮን ስመለስ ዕቃ ጭኜ ነበር። ከአባይ ድልድይ እስከ ደጀን ያለውን ዳገት ታውቁታላችሁ። በሁለተኛ ማርሽ፣ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረግጬ ነው የወጣሁት። አንድም ጊዜ ሚስ አላደረገችም!

ካንዴላ፣ የካንዴላ ገመድ፣ የዲስትሪቢዩተር (ብልጭታውን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለው) ክዳንና ሮተር፣ ኮይል (ብልጭታውን የሚያመነጨው)፣ የቤንዚን ፊልትሮ ተቀይሯል። አሁን መካኒኩ "ሞተሩ ይውረድና ቫልቮላው ይታይ" እያለኝ ነው። እኔ ደግሞ ኪሴ ተራቁቷል።

ቡሬ ላይ ነኝ
ቤንዚኑን ከየት ነው የቀዳኸው? በዚህ ወረፋ ማደያ ደርሶህ ከሆነ ዕድለኛ ነህ። በጄሪካን ከመንገድ ዳር ገዝተህ ከሆነ ግን ነጭ ጋዝ ተቀላቅሎበት ይሆናል፣ ውሃም አያጣውም። ታንከሩን አራግፈህ ንጹሕ ቤንዚን ጨምርና ሞክር። ፖምፓውንም እይ። ላስቲኩ ከደከመ በዝግታ ስትሄድ ይበቃሃል፣ ስትፈጥን ግን ካርቡራቶሩን መሙላት ያቅተዋል።

ደጋማው
ከፍታ ነው። ማርቆስ 2400 ሜትር ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው። ካርቡራቶሩ ለዝቅተኛ ቦታ ተስተካክሎ ከሆነ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ፍጥነት ላይ ይታነቃል። ካንዴላውን ፍታና ቀለሙን ንገረን።

የማርቆስ ዲኤክስ
ካንዴላው ፈካ ያለ ቡናማ ነው፣ አራቱም አንድ ዓይነት። ቤንዚኑ ከማደያ ነው፣ ወረፋው ግን አይነሳ።

ባህር ዳር ኤሌትሪክ
ቡናማ ከሆነ ድብልቁ ደህና ነው፣ ካርቡራቶሩን ተወው። እኔ ፑንቲናውን ነው የምጠረጥረው። አስበው፣ ባለ አራት ፒስተን ሞተር በደቂቃ 4000 ሲዞር ኮይሉ 8000 ጊዜ ብልጭታ መስጠት አለበት። በሁለት ብልጭታ መካከል ያለው ጊዜ ከሰከንድ መቶኛ ያነሰ ነው። የፑንቲናው ስፕሪንግ ከላላ በዚያ ፍጥነት ዘግቶ መቀመጥ ትቶ መንጠር ይጀምራል፣ ኮይሉም ሳይሞላ ይቀራል። ክፍተቱን 0.45 ሚሊሜትር አድርገው። የዲስትሪቢዩተሩንም ዘንግ በእጅህ ወዲያና ወዲህ ግፋው፣ የሚወላገድ ከሆነ ቡሹ አልቋል፣ ክፍተቱን ብታስተካክልም አይቆይልህም።

አሮጌ መፍቻ
ሁላችሁም የምትሉት ነገር በሌላ መኪና ላይ እውነት ነው። በዚህኛው ላይ ግን ልጁ የጻፈውን ዳገት ዘላችሁት ሄዳችኋል። ነገሩ ያለው እዚያ ነው።

ቤንዚን የሚያንሰው ሞተር መጀመሪያ የሚያቃስተው ዳገት ላይ ነው። የደጀንን አቀበት ፔዳል ረግጦ፣ ተጭኖ የወጣ መኪና ፖምፓውም ፊልትሮውም ደህና ነው ማለት ነው። ደግሞም የቤንዚን እጥረት እንዲህ ቱፍ ቱፍ እያለ አይመጣም፣ መኪናው ቀስ እያለ ይደክምሃል እንጂ። እንዲህ ጠቅ ጠቅ ብሎ የሚቆራረጠው የመብራት ጣጣ ነው።

ፑንቲናው ይነጥራል ላልከው ወንድሜ፣ ሐሳብህ ጥሩ ነው። ግን በሁለተኛ ማርሽ 50 ስትነዳ ሞተሩ በአራተኛ 80 ስትሄድ ከሚዞረው በላይ ነው የሚዞረው። ዳገቱን በዚያ ፍጥነት ወጥቶት ከሆነ የሚነጥር ፑንቲና እዚያም ይነጥር ነበር። የደከመ የቫልቮላ ስፕሪንግም እንደዚያው። ስለዚህ ሞተር ማውረድ የሚባለውን ለጊዜው እርሳው።

ታዲያ በሜዳና በዳገት መካከል ምን ተለወጠ? ቫክዩም፣ ማለትም ሞተሩ አየር ሲስብ የሚፈጥረው ስበት። ከካርቡራቶሩ ወደ ዲስትሪቢዩተሩ ጎን የሚሄድ ቀጭን ቱቦ አለ። ሜዳ ላይ ፔዳሉን በከፊል ረግጠህ ስትሄድ ቫክዩሙ ይበረታና ፑንቲናው የተቀመጠበትን ሳህን ይስበዋል፣ ብልጭታው እንዲቀድም። ሚኒሞ ላይ እዚያ ቱቦ ውስጥ ቫክዩም የለም ማለት ይቻላል፣ ሳህኑ ዕረፍት ላይ ነው። ዳገት ላይ ፔዳሉን ወለል ስታደርሰውም ቫክዩሙ ይወድቃል፣ ሳህኑ ወደ ቦታው ይመለሳል። ቆመህ ቤንዚን ስትሰጥ ግን እንደገና ይሳባል። አየህ፣ ያንተ መኪና የምትታመመው ሳህኑ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው።

ከሳህኑ ጋር አብራ የምትንቀሳቀስ አንዲት አጭር ገመድ አለች፣ ከውጭ ወደ ፑንቲናው የምትገባ። ሌላ ትንሽ የመሬት ገመድም ሳህኑን ከዲስትሪቢዩተሩ አካል ጋር ታያይዘዋለች። ለዓመታት ሲታጠፉና ሲዘረጉ ውስጣቸው ይበጠሳል፣ ላስቲኩ ግን ደህና ስለሆነ በዓይን አታየውም። ሳህኑ ሲሳብ ገመዷ ትላቀቃለች፣ ሲመለስ ትነካካለች። ክዳን፣ ሮተርና ኮይል ስትቀይሩ ይቺን ማንም አይነካትም።

ሙከራው ብር አያስወጣም። ቱቦዋን ከዲስትሪቢዩተሩ ንቀል፣ አየር እንዳትስብ አፏን በብሎን ድፈን። ከዚያ ያንኑ መንገድ ንዳ። ሚሱ ከጠፋ ገመዷ ናት። ካልጠፋ ተመለስና ሌላ እናስባለን። እንደዚያው ነቅለህ ግን አትቅር፣ ሞተሩ ይፈዛል፣ ቤንዚንም ይበላል።

ቡሬ ላይ ነኝ
ኧረ ጋሼ ይህን ሁሉ ደብቀው ነው እንዴ ዝም ያሉት! እኔም እኮ ፖምፓ ቀይር ልለው ነበር የቀረኝ።

የዳንግላ ልጅ
አንድ ጥያቄ። የኔ ቪትዝ ናት፣ እሷም ስትፈጥን ትቆራረጣለች። ይሄ ለሷም ይሠራል?

ባህር ዳር ኤሌትሪክ
አይሠራም። ቪትዝ ዲስትሪቢዩተር የላትም፣ እያንዳንዱ ካንዴላ ላይ የራሱ ኮይል ተቀምጧል። ኮምፒውተር ይሰካላትና የትኛው ፒስተን እንደሆነ ይነበብ። ከዚያ የዚያን ኮይል ከጎረቤቱ ጋር አቀያይር። ሚሱ ከኮይሉ ጋር አብሮ ከሄደ ኮይሉ ነው። ለብቻው ጥያቄ ክፈትበት።

የማርቆስ ዲኤክስ
ጋሼ እጅዎ ይባረክ! ቱቦዋን ነቅዬ ደፍኜ እስከ አማኑኤል ሄድኩ። 80ን አልፌ ሁሉ ነዳኋት፣ ትንሽ ፈዘዝ ብላለች እንጂ አንድም ጊዜ ቱፍ አላለችም። ክዳኑን ከፍቼ ያሏትን ገመድ በጣቴ ስጎትታት ላስቲኩ እንደ ማስቲካ ተለጠጠ፣ ውስጡ ባዶ ነው። አሁን እዚህ ገበያ እሷን ለብቻዋ የሚሸጥ የለም፣ ሙሉ ዲስትሪቢዩተር ግዛ ነው የሚሉኝ። በመብራት ገመድ ልተካት?

አሮጌ መፍቻ
የቤት መብራት ገመድ እንዳትሞክር። አንድ ድፍን መዳብ ያለው ከሆነ በአጭር ጊዜ ይሰበራል። በጣም ቀጫጭን ሽቦዎች ተገምደው የተሠራ ለስላሳ ገመድ ፈልግ፣ የቴስተር ገመድ ዓይነት፣ ሙቀት የሚችል ላስቲክ ያለው ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ርዝመቱን ከአሮጌዋ ትንሽ አስበልጠው፣ ሳህኑ ሲሳብ እንዳይወጠር፤ ግን ዘንጉን እንዳይነካ። ጫፎቹ ላይ ብየዳው ወደ ገመዱ እንዳይገባ ተጠንቀቅ፣ ከደረቀ እዚያው ጋ ይቆረጣል። የመሬቷንም አብረህ ቀይራት፣ ዕድሜያቸው እኩል ነው።

ስትጨርስ ቱቦዋን በአፍህ ሳብ፣ ሳህኑ መንቀሳቀስ አለበት። ፑንቲናው ክፍት እንዲሆን መሐሉ ወረቀት አስገባና ቴስተሩን አንዱን ጫፍ ከኮይሉ በሚመጣው ገመድ፣ ሌላውን በፑንቲናው ስፕሪንግ ላይ አድርግ። እየሳብክና እየለቀቅክ የቴስተሩ ድምፅ ካልተቋረጠ ጨርሰሃል። መጨረሻ ላይ የፑንቲናውን ክፍተትና ታይሚንጉን (ብልጭታው የሚመጣበትን ሰዓት) አስለካ።