ወንድሜ «ካርዱ 5 ዓመት ነው» ይላል፣ የኔ ግን 18 ቀን ቀረው

የሐይቅ ልጅ፦
ሰላም ናችሁ ወገኖቼ። ሪያድ የሰው ቤት ነው የምሠራው። አሁን በ2 ወር ኩሩጅ አውዳ (ወጥቶ መመለሻ ቪዛ) ሐይቅ መጥቻለሁ፤ 18 ቀን ቀረኝ። እናቴ ክረምቱ ሳይገባ የቤቱ ቆርቆሮ ካልተመታ አትሄጂም ትላለች፤ ቡና ባፈላች ቁጥር ለቅሶ ነው። ወንድሜ ኢቃማዬን (የመኖሪያ ፈቃድ ካርዴን) አገላብጦ «ይሄ እኮ 5 ዓመት ነው፣ ምን ያስቸኩልሻል» ይላል። ማዳም ስልክ አታነሳም። የሳዑዲ ሲሜ እዚህ ኔትወርክ ስለማይዝ የአብሸር (የሳዑዲ መንግሥት አፕ) ኮድ አይመጣልኝም። እናቴ «አብሽሪ ልጄ» ስትለኝ ልሳቅ ላልቅስ ግራ ገባኝ። ከዚህ ሆኜ ኩሩጅ አውዳዬን ማስረዘም እችላለሁ?

አጎት ከጅዳ፦
ስሚኝ እህቴ። ወንድምሽ ያየው ፕላስቲኩን ነው። በእኛ አቆጣጠር ከ2008 ወዲህ የሚሰጠው ካርድ 5 ዓመት ያገለግላል፤ ፈቃዱ ግን በየዓመቱ ሲስተም ላይ ነው የሚታደሰው። ካርዱ ያው ነው፣ አይቀየርም። ኩሩጅ አውዳው ደግሞ ለብቻው ነው፤ ኢቃማሽ ቀን ቢኖረውም እሱ ካለፈ አትገቢም። የሚያራዝመው ካፊሉ (ያስመጣሽ አሠሪ) ነው፣ በራሱ አብሸር። እዚያ ሳለሽ ብታስረዝሚው ይሻል ነበር፤ ለ2 ወር 200 ሪያል፣ ከዚያ በላይ በየወሩ 100 ነው። ከውጭ ሲሆን ዋጋው ይጨምራል። ደግሞ ካፊልሽ ማን ነው? ብዙ ጊዜ ባልየው ነው እንጂ ማዳም አይደለችም። ለሱ ደውዪ።

የባቲ ሰኞ፦
አንቺ 18 ቀን ትቆጥሪያለሽ። እኔ ከካፊሌ ቤት ከወጣሁ 6 ዓመቴ፣ ኢቃማም የለኝ። ከሳዑዲ ከወጣሁ መመለሻ የለም። ሰኞ ሲሆን የባቲ ገበያ፣ የግመሉ አቧራ ሳይቀር ይሸተኛል። ወንድሜ ደግሞ ባጃጅ ግዢልኝ ይላል። ያለፈው በሐዋላ፣ በደላላ እጅ የላኩት የት እንደገባ አልነገረኝም።

ደሴ ፒያሳ፦
በሐዋላ ልከሽማ ምን ትጠይቂያለሽ? በባንክ ላኪ። ብሩ ከሐምሌ 2016 ወዲህ በገበያ ነው የሚመነዘረው፣ ከጥቁር ገበያው ጋር ያለው ልዩነት እንደ ድሮው እጥፍ አይደለም። አገርም ትጠቀማለች።

የባቲ ሰኞ፦
እዚያ ቁጭ ብለህ መምከር ቀላል ነው! ባንኩ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ምን መሰለህ? ኢቃማ! ኢቃማ የሌለው ሰው በምን ይላክ፣ በወፍ?

ደሴ ፒያሳ፦
ኢቃማ ያላቸውም እኮ ሐዋላ ነው የሚሄዱት። ጎረቤቴ የልጇ ብር ደላላ ጋ ቀርቶ 3 ወር አልቅሳለች።

አጎት ከጅዳ፦
እናንተ ልጆች፣ ልጅቷ የጠየቀችው ሌላ ነው።

ደሴ ፒያሳ፦
ጋሼ፣ እኔ እውነቱን ነው የተናገርኩት። ሐዋላ ጥሩ ነው የሚል ካለ ይምጣ።

የሐይቅ ልጅ፦
ለባልየው ደወልኩ፣ ጋሼ። አነሳ፤ «ቡክራ (ነገ)፣ ኢንሻአላህ» ብሎ ዘጋው። ይሄ እሺ ነው እምቢ? ቆርቆሮ መቺው ነገ ጠዋት ይመጣል።