አሮጌ ቤት ከመታደሱ በፊት የቀለም ሊድ ምርመራ

ጥያቄ፦ የድሮ ቤት የመስኮት ቀለም ተፍቆ እንደገና ሊቀባ ነው። ቀለሙ ላይ በሚታሸው የሊድ (በድሮ ቀለም ውስጥ የሚገኝ መርዛማ ብረት፣ እርሳስ) መመርመሪያ ላዩን ባሸው ምንም አልታየም። ነፃ ነው ማለት ይቻላል?

መልስ 1፦ አይቻልም። ሊዱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከሥር ባሉት የቆዩ ቅቦች ውስጥ ነው። በስለታም ምላጭ እስከ እንጨቱ ድረስ በሰያፍ ሰንጥቀው፤ ቅቦቹ ሁሉ ተደራርበው መታየት አለባቸው። መመርመሪያውን እዚያው ስንጥቅ ላይ እሸው። ወደ ሮዝ ወይም ቀይ ከዞረ ሊድ አለ። ችግሩ፣ ቀለሙ ራሱ ቀይ ከሆነ ያሳስታል። ጂፕሰም ላይም አትመነው፤ በውስጡ ያለው ሰልፌት የተባለ ውህድ ውጤቱን ይደብቀዋል።

መልስ 2፦ እኔ ብሆን ናሙና ወደ ላቦራቶሪ እልክ ነበር። ቦታውን ውኃ ነፋ አድርገህበት 5 በ5 ሴንቲ ሜትር ያህል ፋቅ፣ ቅቦቹን በሙሉ ይዘህ። እንጨት ከተቀላቀለበት ግን የሊዱ መቶኛ ከእውነተኛው ያንሳል። የአሜሪካ ደንብ በክብደት 0.5 በመቶ ሲደርስ የሊድ ቀለም ይለዋል። በሩንም ለብቻው አስመርምር፤ የመስኮቱ ውጤት ለእሱ አይሠራም።

ጠያቂ፦ ሊድ ቢገኝበትስ?

መልስ 1፦ በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት እንዳትነካው፣ በእሳትም አታቃጥለው። እያረጠብክ ፋቅ፤ ወለሉን በወፍራም ላስቲክ ሸፍን። በመጥረጊያ መጥረግ ብናኙን ከማሰራጨት በቀር ፋይዳ የለውም፣ ሄፓ የሚባል ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ ማጣሪያ ያለው ቫኪዩም ተጠቀም። ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ሥራው አልቆ እስኪጸዳ ድረስ አይግቡ።