«ጊዜ ማሳለፊያ» ማለት ስድብ ነው እንዴ?

ነገረኛው፦ «ጋርዲያንስ ኦፍ ዘ ጋላክሲ ጊዜ ማሳለፊያ እንጂ ፊልም አይደለም» የሚል አስተያየት አየሁና ደሜ ፈላ። የመጀመሪያውን የጠፈር ጀብዱ ፊልም፣ የ2014ቱን (እ.ኤ.አ.) ነው። ይህን የጻፈው ሰው ፊልሙን ጨርሶ ማየቱንም እንጃ።

ዝምታ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሁለቴ ጨርሼዋለሁ። ቀልዱና ዘፈኑ አሪፍ ነው፣ መቼ ካድኩ? ግን እስቲ ስለ ክፉው ሰው፣ ስለ ሮናን ንገረኝ። መዶሻ ይዞ ይፎክራል፣ ይጮሃል፣ ይሞታል። ይኸው ነው።

ኮከብ ቆጣሪ፦ ምክንያቱማ ተነግሯል። ወገኖቹ ክሪዎች ከጠላታቸው ከዛንዳር ፕላኔት ጋር የፈረሙትን ሰላም አልቀበልም ብሎ ነው።

ዝምታ፦ አዎ፣ በአንዲት ዓረፍተ ነገር! ክፉ ሰው እንዲህ አይሠራም።

ነገረኛው፦ ጊዜ ማሳለፊያ ያልከው ፊልም የሚጀምረው በ1988 (እ.ኤ.አ.) ሆስፒታል ውስጥ ነው። የዋናው ገጸ ባሕርይ የኩዊል እናት «እጄን ያዘኝ» ስትለው ልጁ ፊቱን ያዞራል። መጨረሻ ላይ የያዘው ኃይለኛ ድንጋይ ሊገድለው ሲል ባልደረባው ጋሞራ «እጄን ያዝ» ስትለው ማንን አየ? እናቱን። ጊዜህን ሲያሳልፍልህ አለቀስክ ወይስ አላለቀስክም?

ዝምታ፦ አላለቀስኩም። ከዚያ በፊት ዓለም ሊጠፋ ሲል ኩዊል የዳንስ ውድድር ከፍቶብኝ ነበርኮ። እንዴት ላልቅስ?

የካሴት ልጅ፦ ዳንሱማ የፊልሙ ነፍስ ነው። ፎካሪውን ሮናንን አፉን ያስያዘው ሌላ ነገር የለም። ግሩትንም እዩት። ከ«እኔ ግሩት ነኝ» ሌላ የማያውቅ ዛፍ፣ ሊሞት ሲል «እኛ ግሩት ነን» ይላል። «እኔ»ን ወደ «እኛ» ቀይሮ አንጀቴን በላው። በረጅም ንግግር ይህን ያላገኙ ስንት ፊልሞች አሉ።

ኮከብ ቆጣሪ፦ እኔን ያናደደኝ ሌላ ነው። ኩዊል ጠፈር ላይ ጭንብሉን አውልቆ ለጋሞራ ሲሰጣት ፊቱ ወዲያው በረዶ ይሆናል። ጠፈር ላይ ሙቀት የሚወስድ አየር የለም። ሰው እንደዚያ በቅጽበት አይቀዘቅዝም።

ነገረኛው፦ ስለዚህ አይተርፍም እያልክ ነው?

ኮከብ ቆጣሪ፦ መትረፉንስ ይተርፋል። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ናሳ ውስጥ የአንድ ሠራተኛ የጠፈር ልብስ እንደ ጠፈር አየር በሌለበት የሙከራ ክፍል አየር አፍስሶ፣ በ14 ሰከንድ ገደማ ራሱን ስቷል። አየር ሲመልሱለት ነቃ። ስህተቱ በረዶው ላይ ነው።

ዝምታ፦ የሚናገር ራኩን ያለበት ፊልም ላይ በረዶ ትቆጥራለህ!

ኮከብ ቆጣሪ፦ አንተስ ጊዜ ማሳለፊያ ባልከው ፊልም ላይ የክፉውን ሰው ሥነ ልቦና ትጠይቅ የለ?

ነገረኛው፦ ተያዘ!

ዝምታ፦ ምንም አልተያዝኩም። ጊዜ ማሳለፊያ ስል መናቄ አይደለም።

ነገረኛው፦ «እንጂ ፊልም አይደለም» ያልከውስ? እሷን ክፍል ወዴት ዋጥካት?

የካሴት ልጅ፦ እናንተ ተጨቃጨቁ። የኔ ጥያቄ አንድ ናት። ያ የኩዊል ካሴት ማጫወቻ፣ ዎክማኑ፣ 26 ዓመት ሙሉ ጠፈር ላይ ሲዘፍን ባትሪ የሚገዛለት ማነው?