መኪናዬ ሞተሩ ይዞራል ግን አልነሳ አለች፣ የምታውቁ እርዱኝ

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ትላንት ማታ በሰላም ያቆምኳት መኪና ዛሬ ጠዋት አልነሳ አለችኝ። ቁልፉን ስጠመዝዝ ሞተሩ ይዞራል ይዞራል ግን አይይዝም፣ መብራትም ሬዲዮም ይሰራል። ጎረቤቴ ባትሪ ቀይሪ አለኝ። ለዚህ ሀገር ገና አዲስ ስለሆንኩ ጋራዥ ከማስጎተቴ በፊት ራሴ ማየት የምችለው ነገር ካለ ብትነግሩኝ?

መልስ፦
እህቴ ባትሪ ለመግዛት አትቸኩዪ። ሞተሩ እንደወትሮው በፍጥነት የሚዞር ከሆነ ባትሪውም ሞተሪኖውም (ቁልፍ ስትጠመዝዢ ሞተሩን የሚያዞረው) ደህና ናቸው። እየተጎተተ ቀስ ብሎ የሚዞር ከሆነ ግን ሌላ ነው፣ ሞተሪኖው ሲሰራ ባትሪው ከ10 ቮልት በታች ከወረደ የመኪናው ኮምፒውተር ስራውን ሊያቆም ይችላል፣ እሱን ከሌላ መኪና ባትሪ ጋር በኬብል አገናኝተሽ (ጃምፕ አድርገሽ) ማረጋገጥ ነው። ደህና ከዞረ የጎደለው ወይ ነዳጅ ነው ወይ እሳት (ነዳጁን የሚለኩሰው ብልጭታ) ነው ወይ ኮምፕሬሽን (ሞተሩ ውስጥ ያለው እመቃ)።

በዛ ላይ እባክሽ ዝም ብለሽ አታዙሪያት፣ ቢበዛ 10 ሰከንድ ከዛ ሞተሪኖው ይረፍ፣ አለበለዚያ ደህናውንም ታቃጥዪዋለሽ።

አሁን ሬዲዮኑንም ማሞቂያውንም ዝጊና ቁልፉን ኦን ላይ ብቻ አድርጊ፣ ሳታስነሺ ጆሮሽን ወደ ኋላ ወንበር ስጪ፣ ብዙ መኪና ላይ የነዳጅ ፓምፑ ለ2 ሰከንድ ያህል እዝዝዝ ብሎ ዝም ይላል። ምንም ድምፅ ከሌለ የፓምፑን ፊውዝ እዪ፣ ከዛ ሪሌዩን (ለፓምፑ ኤሌክትሪክ የሚከፍትና የሚዘጋ ትንሽ ማብሪያ)፣ እዛው ሳጥን ውስጥ ቁጥሩ ተመሳሳይ የሆነ ሌላ ሪሌይ አይጠፋም ለምሳሌ የክላክሱ፣ ነቅለሽ አቀያይሪና ድጋሚ አድምጪ።

ዳሽቦርዱ ላይ የቁልፍ ምልክት ያለው መብራት ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ደግሞ መኪናዋ ቁልፍሽን አላወቀችውም ማለት ነው፣ ሁለተኛውን ቁልፍ ሞክሪ። ሞተሩ ሲዞር የአርፒኤም ቀስቷን ተመልከቺ፣ ጭራሽ ካልተነቃነቀች የክራንክ ሴንሰሩን፣ የሞተሩን መዞር ለኮምፒውተሩ የሚነግረውን፣ ጠርጥሪ (በሁሉም መኪና ላይ አይሰራም ግን ማየቱ አይጎዳም)። ይሄ ሴንሰር ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ሞተር ሲግል ያጠፋና ሲበርድ ያስነሳል።

ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተሽ በዝቶበታል፣ የቤንዚን መስጫውን እስከታች ረግጠሽ ይዘሽ አስነሺ፣ ያኔ ብዙዎቹ ኮምፒውተሮች ነዳጁን ይቆርጡታል።

አንዱን ግን አደራ። ሞተሩ ሲዞር ሁሌ የምትሰሚው ወው ወው ወው የሚል ምት ጠፍቶ ያለምንም ጫና ዊዊዊ ብሎ በፍጥነት የሚዞር ከሆነ ታይሚንግ ቺንጋው (ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር እኩል የሚያስኬደው ቀበቶ) ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፣ ወዲያው አቁሚ፣ አንዳንድ ሞተር ላይ ቫልቩና ፒስተኑ ይጋጫሉ።

ጋራዥ ስትሄጂ ይሄን ቀይሩልኝ አትበዪ፣ የጠየቅሽውን ይቀይሩልሻል፣ ችግሩ እሱ ባይሆንም ትከፍያለሽ። ያየሽውንና የሰማሽውን ንገሪያቸው፣ በስልክሽ ድምፁንም ዳሽቦርዱንም ቪዲዮ ቅጂ፣ ቋንቋው ቢያስቸግርሽም እሱ ያስረዳልሻል። የመኪናው ኮምፒውተር የመዘገበውን የብልሽት ኮድ ያንብቡ፣ ለምሳሌ ፒ0335 ከመጣ ከክራንክ ሴንሰሩ ጋር የተያያዘ ነው። ኮድ የለም ካሉሽም የነዳጅ ፕሬዠሩን ይለኩልሽ፣ ፓምፕ ሞቶም ኮድ ላይመጣ ይችላል።

ጠያቂዋ፦
ወንድሜ እግዜር ይስጥልኝ። ቀስቷ ትነቃነቃለች፣ የቁልፉ መብራትም አንዴ በርቶ ይጠፋል እንጂ ብልጭ ድርግም አይልም፣ ፓምፑ ግን ጭጭ ነው። ፊውዙ ደህና ነው፣ ሪሌዩንም ቀያየርኩ፣ ያው ነው።

ሌላ መልስ፦
እህት፣ ፓምፑ ብዙ ጊዜ ነዳጅ ታንከሩ ውስጥ ነው ያለው፣ አንድ ሰው ታንከሩን ከስር በጎማ መዶሻ ቀስ እያደረገ መታ መታ ያድርግልሽ አንቺ እያስነሳሽ፣ መኪናዋ ስር እንዳይገባ ብቻ፣ ከጎን ሆኖ።

ጠያቂዋ፦
ተነሳች!! አሁን እየሰራች ነው። ታዲያ ልንዳት?

መልስ፦
እንኳን ደስ ያለሽ፣ ግን ተሰራች ማለት አይደለም፣ ፓምፑ እያለቀለት ነው፣ መንገድ ላይ ሊያቆምሽ ይችላል። ሳታጠፊያት በቅርብ ወዳለ ጋራዥ ሂጂ፣ ሀይዌይ አትውጪ። ነዳጅም አትሙዪ፣ ብዙ መኪና ላይ ፓምፑን ለመቀየር ታንከሩ ይወርዳል፣ ሙሉ ከሆነ ስራው ይከብዳቸዋል። ሲከፍቱት የፓምፑን ሶኬት እንዲያዩልሽ ንገሪያቸው፣ ተቃጥሎ ከሆነ እሱም አብሮ መቀየር አለበት፣ ካልሆነ አዲሱም አይቆይም።