አስቸኳይ! ሚስቴ ምጥ ላይ ናት፣ ፈቃድ ከለከሉኝ

አባወራው፦ ወገኖች ባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ባለቤቴን ከሌሊት ጀምሮ ምጥ ይዟታል፣ ሪፈር ተብላ ደሴ ገብታለች። እኔ የከተማ አስተዳደር ሠራተኛ ነኝ። ፈቃድ ስጠይቅ «የከተማው ምክር ቤት ለወላጆች ደመወዝ ያለው ፈቃድ ስለመስጠት ሊመክር ነው፣ እስኪወሰን ጠብቅ፤ ካልሆነ የዓመት ፈቃድ ሙላ» አሉኝ። ቅጹ እጄ ላይ ነው። ለወንድ 3 ቀን የሚል ሕግ አለ አይደል?

የጦሳ ልጅ፦ ማርያም በሰላም ታገላግላት! ቋሚ ነህ ኮንትራት? እሱን ሳትነግረን ምን ብለን እንመልስልህ?

ኑሩ ኮምቦልቻ፦ አብሽር ወንድሜ። የዓመት ፈቃዱን ሙላና ሂድ። መጀመሪያ ሰው።

አያ ሙሄ፦ ልጄ፣ አላህ በሰላም ያገላግላት። ግን ወንድ ምጥ ላይ ምን ይሠራል? በእኛ ጊዜ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ቡና ይፈላል፣ ዱዓ ይደረጋል። ገንፎውን የሚያገነፉት፣ አራሷን የሚያርሷት ሴቶች ናቸው። ወንዱ በሬ ጠምዶ ይውላል። አሁን ሁሉ ነገር ፈቃድ፣ ፈቃድ ሆነ።

እናት ዓለም፦ አያ ሙሄ፣ አንቱ ያሉት ጎረቤት ባለበት አገር ነው። እኔ ደሴ ስወልድ ቤተሰቤ ሩቅ ነበር። ሐኪሙ የመድኃኒት ማዘዣ ጽፎ «ከውጭ ግዙ» ሲል ወረቀቱን ተቀብሎ የሚሮጥ ሰው አልነበረኝም። የጎን አልጋዋ ሴትዮ ባል ነው የገዛልኝ። ባል እዚያ መገኘቱ ቅንጦት አይደለም።

አባወራው፦ ቋሚ ነኝ። የሷም እናት ገጠር ናት፣ ብቻዋን ናት።

የጦሳ ልጅ፦ ምክር ቤቱን ከጠበቅህማ ልጅህ አድጎ ራሱ ይጠይቅልሃል 😂 ተነስ ሂድ!

ደመላሽ፦ የዓመት ፈቃድ ሙላና ሂድ፣ ሌላ መላ የለውም።

መዝገብ ቤት፦ አትሙላ! ቅጹን ከፈረምክ በፈቃድህ የዓመት እረፍት ጠየቅህ ማለት ነው፤ ኋላ ብትከራከር ፊርማህን ያወጡብሃል።

«3 ቀን» ያልከው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ላይ ያለው ነው። እሱ የፋብሪካና የግል ድርጅት ሠራተኛ ሕግ ነው፤ በልዩ ሕግ የሚተዳደሩ የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኞችን አይመለከትም። ስለዚህ 3 ቀን ብለህ ጽፈህ መብትህን በገዛ እጅህ እንዳትቆርጥ። አንተ የምትተዳደረው በክልሉ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ነው። በ2010 የወጣው የፌዴራሉ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ 1064 ለአባት 10 የሥራ ቀን ሰጥቶ ነበር። የክልሉን ቅጂ ከሰው ሀብት አስወጥተህ የአባት ፈቃድ የሚለውን አንቀጽ ራስህ እይ።

ምክር ቤቱ ተጨማሪ ቀን ለመስጠት ከመከረ እሰየው፣ እኔም እደግፋለሁ። በአዋጅ ያለውን ፈቃድ ግን ውይይት አያግደውም። የክልል መንግሥት ሠራተኞችን ሕግ የማውጣት ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 52 የክልሉ ነው።

አሁን ይህን አድርግ። «ባለቤቴ ዛሬ ለወሊድ ሆስፒታል ስለገባች የአባትነት ፈቃድ እንዲሰጠኝ» ብለህ በሁለት ኮፒ ጻፍ። አንዱን ለመዝገብ ቤት ስጥ። በቀሪው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፈህ ማኅተም አስመታበት። ፎቶ አንስተህ ለቅርብ አለቃህ ላክለት። ሲከለክሉህም «በጽሑፍ ስጡኝ» በል፣ ቅሬታ ሰሚ ዘንድ የምትይዘው እሱን ነው። ስትወልድ የሆስፒታሉን የልደት ማሳወቂያ ተቀብለህ አያይዝ። እንዳይጠፋብህ፤ ልጁን በ90 ቀን ውስጥ ስታስመዘግብም ይጠይቁሃል።

ኑሩ ኮምቦልቻ፦ እኔም የዓመት ፈቃድ ያልኩት ቶሎ እንዲደርስላት ብዬ ነው። የመዝገብ ቤት ምክር ይሻላል።

አያ ሙሄ፦ እናት ዓለም እውነቷን ነው። ሰው ከሌላትማ ሂድ ልጄ፣ ምን ትጠብቃለህ?

እናት ዓለም፦ አባወራው፣ ምን ደረስክ? ደሴ ውስጥ ነኝ፤ ሙቅ አጥሚትና ጋቢ ይዤ መምጣት እችላለሁ። ዋርዱን ብቻ ጻፍልኝ።

ሐይቅ ዳር፦ ይቅርታ፣ መሃል ገባሁ። እኔም ከተማ አስተዳደር ነኝ፣ ግን ኮንትራት። የምወልደው በሚቀጥለው ወር ነው። «ኮንትራት የወሊድ ፈቃድ የለውም» አሉኝ። እውነት ነው?

መዝገብ ቤት፦ ሐይቅ ዳር፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ሴቶች ከሙሉ ደመወዝ ጋር የወሊድ ፈቃድ እንዳላቸው ሲደነግግ ቋሚና ኮንትራት ብሎ አልለየም። ውልሽ የሚያልቅበትን ቀን ግን ንገሪኝ፣ ዋናው ነገር እሱ ነው።