ኮሚኬ ልጆቹን አሳሳተብኝ፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ሰባተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። የደም ዝውውርን በኮሚክ ላስተምር ብዬ ግራ ገብቶኛል።

ተከታታይ ሥዕል ለልጆቻችን እንግዳ አይደለም፤ የንግሥተ ሳባን ታሪክ በተርታ ተሥሎ ያላየ የለም። እኔ የሣልኳት አንዲት ቀይ የደም ሕዋስ ናት። እንደ ታክሲ ረዳት «ሳንባ! ሳንባ! የሞላ!» እያለች ትጣራለች። ከልብ ቀኝ ክፍል ተነስታ ሳንባ ትደርሳለች። ኦክስጅን ትጭንና በግራው ክፍል አድርጋ ወደ ሰውነት ትወጣለች። ልጆቹ በጣም ወደዷት። ኋላ ወንበር የሚያንቀላፋው ልጅ እንኳ እጁን አወጣ።

ፈተና ላይ ግን አንዷ «ሕዋሷ ሲደክማት ሳንባ ላይ ታርፋለች» ብላ ጻፈች። ብዙዎቹ ደግሞ «ደም የሚመረተው ልብ ውስጥ ነው» አሉ። የሚመረተው የአጥንት መቅኒ ውስጥ እንደሆነ፣ ሕዋሷም 120 ቀን ያህል እንደምትኖር አስተምሬያለሁ። ግን ልብን መነሻ ፌርማታ አድርጌ የሣልኩት እኔው ነኝ። ልጆቹ ያዩትን ነው የጻፉት።

ፎቶ ኮፒውም አስቸግሮኛል። ኦክስጅን የያዘውን ደም በቀይ፣ ያነሰውን በሰማያዊ ነው የቀባሁት፤ ሁለቱም ግራጫ ሆነው ይወጣሉ። ደግሞ ሰማያዊ ደም የለም፤ ኦክስጅን ያነሰውም ጠቆር ያለ ቀይ ነው።

የሞከራችሁ መምህራን፣ የምትሥሉም ብትሆኑ፣ እባካችሁ ንገሩኝ። ለሕዋሷ ዓይንና አፍ ልተውላት ወይስ ላጥፋ? ያለ ቀለም ሁለቱን ደም በምን ልለያቸው? የሚቀጥለው ምዕራፍ ሰኞ ይጀምራል።