«ፋርስ» የሚባለውን ኮሜዲ በአማርኛ ምን እንበለው?

ጥያቄ፦ እንግሊዞች «ፋርስ» የሚሉትን የኮሜዲ ዓይነት ምን ብለን ብንተረጉመው ይሻላል? «ቧልት» የሚል አይቼ አልተዋጠልኝም። እንዳለ «ፋርስ» ብዬ ልጻፍ ብል ደግሞ አንባቢ የኢራኑን ፋርስ ነው የሚያስበው።

መልስ፦ «ቧልት» ለእኔም አይዋጥልኝም። በአንድ ፊልም ላስረዳ። ፍራንክ ላውንደር እ.ኤ.አ. በ1950 ያዘጋጀው «ዘ ሃፒየስት ዴይስ ኦቭ ዩር ላይፍ» ነው። ከአራት ዓመት በኋላ የመጣው፣ የእሱው የላውንደር የሴንት ትሪኒያንስ (የሴቶች ትምህርት ቤት ኮሜዲ) ፊልም ዝናውን ወሰደበት እንጂ እኔ ይኼኛውን አስበልጣለሁ።

የትምህርት ሚኒስቴር ተሳስቶ አንድ የሴቶች ትምህርት ቤት እንዳለ ወደ ወንዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ይልካል። ርእሰ መምህሩን ሆኖ የሚጫወተው አላስቴር ሲም፣ ርእሰ መምህርቷን ሆና የምትጫወተው ማርጋሬት ራዘርፎርድ ናቸው። ታዲያ አንድ ቀን የልጃገረዶቹ ወላጆች ይመጣሉ፤ ወንድ ማየት የለባቸውም። በዚያው ሰዓት ርእሰ መምህሩ ሥራ የጠየቀበት ትልቅ ትምህርት ቤት ኃላፊዎች ይመጣሉ፤ እነሱ ደግሞ ሴት ማየት የለባቸውም። ክፍሉ አሁን የወንድ፣ አሁን የሴት ይሆናል። ሜዳው ላይ የወንዶቹ የራግቢ ግብ ይነቀልና የሴቶቹ የላክሮስ (ጫፉ መረብ ባለው ዱላ የሚጫወቱት የኳስ ጨዋታ) መረብ ይተከላል፤ ወዲያው እሱም ይነቀላል።

እዚህ ውስጥ የሚቧልተው ማን ነው? ማንም። ሁሉም ላብ እስኪያጠምቀው የሚሮጠው የምሩን ነው። ቧልት ቧልተኛ ይፈልጋል፤ ፌዝም የሚፌዝበት ሰው ይፈልጋል። ፋርስ የሚያስቀን ግን ሰዎቹ ከልባቸው ሲጨነቁ ነው።

የታሪኩን አካሄድ ከእኛ አነጋገር «ከድጡ ወደ ማጡ» የሚለው ቁልጭ አድርጎ ይገልጸዋል። ድጥ የሚያንሸራትት ጭቃ ነው፤ ብትወድቁም ተጨማልቃችሁ ትነሳላችሁ። ማጥ ግን ይውጣል፤ እግር ለመንቀል በታገላችሁ ቁጥር ትሰምጣላችሁ። የሚኒስቴሩ ስህተት ድጡ ነው፤ ማጡ እሱን ለመደበቅ የተደረገው ሩጫ ነው።

«ፋርስ» የሚለው ቃል ሥሩ ላቲን ሲሆን ትርጉሙ «መጠቅጠቅ፣ መሙላት» ነው። በመካከለኛው ዘመን ፈረንሳይ በሃይማኖታዊ ተውኔት መሀል የሚሰገሰግ አጭር አስቂኝ ትዕይንት በዚህ ስም ተጠራ። ፈረንሳዮች ዛሬም ዶሮ ሆድ ውስጥ የሚጠቀጠቀውን ሙሌት «ፋርስ» ይሉታል። «ስግስግ» ብንል ሥሩን ይዘን ሳቁን እናጣዋለን።

እኔ «የትርምስ ኮሜዲ» እላለሁ። «ኮሜዲ»ም ለአማርኛ እንግዳ አይደለም፤ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ተውኔታቸውን «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ» ካሉ ስንት ዘመኑ!

ሌላ አስተያየት፦ «ምስቅልቅል» አይሻልም? «ትርምስ» የገበያ ግርግር ይመስላል።

መልስ፦ ሰው የሌለበት ቤትም ምስቅልቅሉ ይወጣል፤ ዕቃው መበታተኑ ይበቃዋል። የሚተራመስ ሰው ከሌለ ግን ትርምስ የለም። ያን የላክሮስ መረብ ተሸክመው ሲራወጡ ሳይ አፌ ላይ የሚመጣው ትርምስ ነው።